አሮጌ የእጅ ሥራ ምንጣፍ፦ ማራገፍ፣ በአረፋ መጥረግ፣ ማጠብ ወይስ ለአጣቢ መስጠት? ለደሴና ለኮምቦልቻ ቤቶች የንጽጽር መመሪያ

በእጅ የተሠራ አሮጌ የበግ ጸጉር ምንጣፍ ያለው ቤት ምክር አያጣም። አንዷ ጎረቤት «ላቫጆ ውሰጂው፣ በአንድ ሰዓት ይዘሽው ትመለሻለሽ» ትላለች። ሌላዋ «ኦሞ በጥብጪና በመጥረጊያ ፈትጊው» ትላለች። እማማ ደግሞ «ኧረ ውሃ እንዳታስነኪው! አውጥተሽ አራግፊው እንጂ» ይላሉ። እያንዳንዱ ምክር የሚሠራለት ምንጣፍ አለ። ችግሩ ምክሩ የሚሰጠው ምንጣፉ ተገልብጦ ሳይታይ መሆኑ ነው። የፋብሪካ ምንጣፍ የሚችለውን እጥበት የእጅ ሥራው አይችለውም።

እዚህ አምስት መንገዶች ይነጻጸራሉ፦ በደረቁ ማጽዳት፣ ላይ ላዩን በአረፋ መጥረግ፣ በግቢ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ማጠብ፣ ላቫጆ መውሰድ፣ ምንጣፍ ለሚያጥብ ላውንደሪ መስጠት። ብዙ ሰው ምርጫውን የሚጀምረው ከቆሻሻው ብዛት ነው። መጀመር ያለበት ግን ከማድረቂያው ነው። ምንጣፉ አንዴ ከራሰ በኋላ በሁለት ወይም በሦስት ቀን ውስጥ እስከ ድሩ (ጸጉሩ እስከተቋጠረበት የሥር ክር) ድረስ የሚደርቅበት ቦታና አየር ከሌለ፣ ሳሙናው የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ውጤቱ ሻጋታና የበሰበሰ ድር ነው።

በእርግጥ የእጅ ሥራ ነው?

ምንጣፉን ገልብጠው ጀርባውን ይዩ። በእጅ በተቋጠረ ምንጣፍ የፊቱ ሥዕል በጀርባውም በግልጽ ይታያል፤ ቋጠሮዎቹም መጠናቸው ትንሽ ይለያያል፣ መስመራቸውም አልፎ አልፎ ይዛነፋል። የፋብሪካው ጀርባ አንድ ዓይነት ነው፤ ብዙ ጊዜም ሙጫ ወይም ሌላ ጨርቅ ተለጥፎበታል። ቀጥሎ ዘርፉን ይመልከቱ። በእጅ ሥራ ላይ ዘርፉ የራሱ የድሩ ጫፍ ነው፤ በፋብሪካው ላይ ግን ኋላ የተሰፋ ነው።

ሱፍ ስለመሆኑ ከተጠራጠሩ ከጀርባ በኩል ከተላቀቀ ቦታ አንዲት ክር ነቅለው ደረቅ ሳህን ላይ ያቃጥሏት። ሱፍ ቀስ ብሎ ይቃጠላል፣ የተቃጠለ ጸጉር ይሸታል፣ አመዱ በጣት ሲነኩት ይደቃል። ፖሊስተር ይቀልጥና ጠንካራ ጥቁር ዶቃ ይሆናል። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነዳል፣ ሽታውም የወረቀት ነው። ፖሊስተር ከሆነ ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው ጥንቃቄ አያስፈልግዎትም፤ ላቫጆም ቢወስዱት ችግር የለውም።

መመዘኛዎቹ

የመጀመሪያው ቀለሙ ነው። አንድ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ሊያጥቡበት ባሰቡት የሳሙና ውሃ ነክረው ጨምቁትና በእያንዳንዱ ቀለም ላይ ለ2 ደቂቃ ያህል ጫን አድርገው ይያዙት። ቀይ፣ ጥቁር፣ ሰማያዊና አረንጓዴ ላይ በተለይ ይህን ፈተና አይዝለሉ፤ ከፊትም ከጀርባም ያድርጉት። ጨርቁ ላይ ቀለም ከወጣ ምንጣፉ ሙሉ እጥበት አይችልም፤ ክርክር የለውም። በአንጻሩ በግ እንደተፈጠረበት በነጭ፣ በጥቁር፣ በቡኒና በግራጫ ሱፍ ብቻ የተሠራ ምንጣፍ ቀለም ስላልተነከረ የሚለቀው ነገር የለም። በዚህ በኩል ከሁሉም የተሻለ ዕድል ያለው እሱ ነው።

ሁለተኛው ድሩ ነው። ብዙ ምንጣፍ ጸጉሩ ሱፍ ሆኖ ድሩ ጥጥ ነው። አንድ ጊዜ ረጥቦ ሳይደርቅ የከረመ የጥጥ ድር ከውስጥ ይበሰብሳል፤ ላዩን ግን ምንም አይመስልም። ምንጣፉን ከጠርዙ በቀስታ አጠፍ አድርገው ጆሮዎን ይስጡ። እንደ ደረቅ ቅጠል «ጠሽ ጠሽ» ካለ ድሩ እየተሰበረ ነውና እዚያው ያቁሙ። ይህን ምንጣፍ ውሃ ውስጥ ከትተው ሲያነሱት በገዛ ክብደቱ ይቀደዳል።

ሦስተኛው ክብደትና ስፋቱ ነው። በእጅ የተቋጠረ ወፍራም ምንጣፍ በካሬ ሜትር ከ3 እስከ 4 ኪሎ ይመዝናል ብለው ቢያስቡ ብዙም አይሳሳቱም። 1.5 በ2 ሜትር የሆነው ደረቁን 10 ኪሎ ገደማ ነው፤ ሲርስ ከእጥፍ በላይ ይሆናል። 2 በ3 ሜትር የሆነው ሲርስ 50 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል። ይህን ሁለት ሰው ሳያጣምመው ማንሳት አይችልም።

አራተኛው የቆሻሻው ዓይነት ነው። አብዛኛው የምንጣፍ ቆሻሻ ደረቅ አቧራና አሸዋ ነው፤ እሱ ውሃ አይፈልግም። ውሃ የሚፈልገው የሚያጣብቀው ነው፦ ቅቤ፣ ወጥ፣ የቡና ስኳር፣ የሕፃን ሽንት።

አምስተኛው ወቅቱና ቦታው ነው። ይህ ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰው ከሁሉም ስለሚበልጥ ከታች ለብቻው ተጽፏል።

አንደኛ፦ በደረቁ ማጽዳት

ሌላ ማንኛውም አማራጭ ቢመረጥ እንኳ መጀመሪያ ይህ መደረግ አለበት። አሸዋው ሳይወጣ ውሃ የፈሰሰበት ምንጣፍ ውስጡ ጭቃ ይሆናል፤ ጭቃው ደርቆ ከቋጠሮው ሥር ይቀመጥና በተረገጠ ቁጥር ሱፉን እንደ መጋዝ ይቆርጠዋል።

ምንጣፉን ፊቱን ወደ ታች አድርገው ንጹሕ ሊሾ ላይ ወይም ሸራ ላይ ያንጥፉት። ጀርባውን በመዳፍ ወይም በሰፊና ለስላሳ ጣውላ፣ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው እየሄዱ፣ 10 ደቂቃ ያህል መታ መታ ያድርጉ። ከዚያ ሲያነሱት ሊሾው ላይ ደቃቅ ቡናማ አሸዋ በምንጣፉ ቅርጽ ተነጥፎ ያገኙታል። አሸዋውን ጠርገው እንደገና ይድገሙት፤ ሦስተኛው ላይ መሬቱ ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ በቃ። ገመድ ላይ ሰቅሎ በቀጭን ዱላ መግረፍ የተለመደ ቢሆንም አይመከርም፤ የዱላው ጫፍ የደከመ ድር ይሰብራል፣ ገመዱም ሙሉውን ክብደት በአንድ መስመር ያሸክመዋል።

ቫኪዩም ያለው ሰው የሚሽከረከረውን ብሩሽ ያጥፋው ወይም ያውጣው፤ በጸጉሩ አቅጣጫ ብቻ ይሳብ። ዘርፉ ላይ ቫኪዩም ፈጽሞ አይደረግም፤ ውጦ ይነቅለዋል።

ብልና ቁንጫም የሚወጡት በዚሁ መንገድ ነው። ብል የሚወደው ጨለማና የማይንቀሳቀስ ቦታ ስለሆነ አልጋና ሶፋ ሥር የገባውን ጫፍ መጀመሪያ ይዩ። ሱፉን የሚበላው የሚበረው ሳይሆን ትሉ ነው፤ ነጭ ድር የመሰለ ነገርና የአሸዋ ፍሬ የሚያክል ኩስ ትቶ ይሄዳል። በብሩሽ ከፊትም ከጀርባም ጠርጎ ለጥቂት ሰዓት ፀሐይ ላይ ማዋል፣ ከዚያም በየሁለት ወሩ ምንጣፉን አዙሮ ማንጠፍ ይጠቅማል።

ሁለተኛ፦ ላይ ላዩን በአረፋ መጥረግ

ቀለሙ ትንሽ ለሚያሰጋ፣ ግቢ ለሌለው ቤት፣ ደግሞም ፊቱ ብቻ ደብዝዞ ውስጡ ንጹሕ ለሆነ ምንጣፍ ጥሩ አማራጭ ነው። በ1 ሊትር ለብ ያለ ውሃ 1 የሻይ ማንኪያ ቀለም የሌለው ሻምፑ ጨምረው በእጅ ወይም በእንቁላል መምቻ እስኪኮፈኮፍ ይምቱት። ጥበቡ ውሃውን ትቶ አረፋውን ብቻ መጠቀም ነው። በስፖንጅ አረፋውን አንስተው 50 በ50 ሳንቲ ሜትር በምትሆን ቦታ ላይ በጸጉሩ አቅጣጫ ይጥረጉ። ወዲያው በንጹሕ ውሃ ተነክሮ በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ ሁለት ጊዜ ይጥረጉት፣ ከዚያም በደረቅ ፎጣ ይጫኑት። ቀጥሎ ወደሚቀጥለው ካሬ፤ ካሬዎቹ ትንሽ ይደራረቡ፣ አለዚያ ሲደርቅ መስመር ይታያል።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ሳሙናው በደንብ ሳይነሳ ሲቀር ነው። የቀረ ሳሙና ይጣበቃል፤ የተጣበቀው አቧራ ይስባል፤ በወሩ ምንጣፉ ከበፊቱ ብሶ ይጠቁራል። ሰዎች «ከታጠበ ወዲህ ቶሎ ይቆሽሻል» የሚሉት ምንጣፍ አብዛኛውን ጊዜ ሳሙና የቀረበት ነው።

ሦስተኛ፦ በግቢ ሙሉ በሙሉ ማጠብ

የቀለሙንና የድሩን ፈተና ያለፈ፣ ከ3 ካሬ ሜትር የማይበልጥ ምንጣፍ በቤት ሊታጠብ ይችላል። ከዚያ በላይ የሆነውን በቤት ማጠብ አንመክርም፤ ማጠቡ ባይከብድም ማንሳትና ማድረቁ ይከብዳል።

ለ1.5 በ2 ሜትር ምንጣፍ ከ160 እስከ 200 ሊትር ውሃ፣ ማለትም ከ8 እስከ 10 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ያዘጋጁ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህን ሳይሞሉ መጀመር ትልቅ ስሕተት ነው፤ ሳሙና ከገባ በኋላ ውሃ ቢጠፋ ምንጣፉ ሳሙናውን እንደያዘ ይደርቃል። ቦታው ወደ አንድ ጎን ዘመም ያለ፣ ታጥቦ የጸዳ ሊሾ ይሁን። አፈርና ሣር ላይ አይታጠብም።

ውሃው ከ30 ዲግሪ አይብለጥ። በክርንዎ ሲነኩት ትንሽ ቀዝቀዝ ካለዎት ልክ ነው። የሱፍ ክር ላዩ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበ ነው፤ ሙቅ ውሃ፣ ሳሙናና ፍትጊያ አንድ ላይ ሲሆኑ ቅርፊቶቹ እርስ በርስ ይያያዙና ጸጉሩ እንደ ባርኔጣ ጨርቅ ይጠቀጠቃል። ከዚያ በኋላ የሚመልሰው የለም።

በየ10 ሊትሩ 2 የሾርባ ማንኪያ ሻምፑ ጨምሩ። ምንጣፉን መጀመሪያ በንጹሕ ውሃ አርሱት፣ ከዚያ የሳሙናውን ውሃ አፍስሱ፤ በለስላሳ ብሩሽ ሁልጊዜ በጸጉሩ አቅጣጫ ይቦርሹ። እያሽከረከሩ መፈተግ አይገባም። ጀርባውንም ገልብጠው አንድ ጊዜ ይቦርሹት። ጠቅላላው ሥራ ከግማሽ ሰዓት ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ ሱፍ እርጥብ ሲሆን ይደክማል፣ ቀለምም የመልቀቅ ዕድሉ ከጊዜው ጋር ይጨምራል።

ሲያለቀልቁ ከላይኛው ጫፍ ጀምረው ውሃ እያፈሰሱ በወለል ውሃ መጥረጊያ ጎማ በጸጉሩ አቅጣጫ ይግፉት። መጀመሪያ የሚወጣው ውሃ ቡናማና አረፋማ ነው፤ ቀጥሎ ግራጫ፣ ቀጥሎ የገብስ ውሃ ይመስላል። በብርጭቆ ቀድተው ሲያዩት ጥርት ብሎ፣ ሲነቀንቁት አረፋ ካልያዘ ሳሙናው ወጥቷል። በመጨረሻው 10 ሊትር ውስጥ 1 የቡና ስኒ ነጭ አቼቶ ይጨምሩ። አቼቶው የቀረውን ሳሙና ይሰብረዋል፣ ዘርፉም ቡናማ እንዳይሆን ያግዛል። ዘርፉ ቡናማ የሚሆነው እየደረቀ ያለው ምንጣፍ እርጥበቱን በጥጡ ድር በኩል ወደ ጫፍ ሲገፋና ያዘለውን ቆሻሻ እዚያ ጥሎ ሲተን ነው።

መጭመቅና መጠምዘዝ የለም። ጎማውን 10 ጊዜ ያህል ይሳቡ፤ ቀጥሎ ሁለት ትልልቅ ፎጣ ላይ ጠቅልለው በላዩ በመራመድ ውሃውን ያስወጡ። በዚህ ደረጃ የወጣ እያንዳንዱ ሊትር የማድረቂያ ሰዓት ይቀንሳል።

በምን ይታጠብ?

ሱፍ እንደ ራስ ጸጉርና እንደ ጥፍር ፕሮቲን ነው፤ የሳሙናው ምርጫ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

በረኪና ሱፍን ያሟሟዋል። በነጭ ሱፍ ላይ እንኳ ሲፈስ መጀመሪያ ቢጫ፣ ቀጥሎ ገለባ ያደርገዋል። በምንም መጠን አይጠቀሙ። ኦሞና ሌላው የልብስ ዱቄት ሳሙና ለጥጥ ተብሎ የተሠራ ስለሆነ አልካሊነቱ ጠንካራ ነው፤ ብዙዎቹም የደምና የወጥ እድፍ የሚያላቅቁ ኢንዛይሞች አሏቸው። ፕሮቲን የሚበላ ኢንዛይም ምንጣፉንም አይምርም። የልብስ ደረቅ ሳሙናም አልካሊ ነው፤ ከዚያም በላይ ካልሲየም ባለው ውሃ ግራጫ ዝቃጭ ሆኖ ጸጉሩ ሥር ይቀራል። የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ቅቤ ለነካው ጥቂት ቦታ በጠብታ ይረዳል፤ ለሙሉ ምንጣፍ ግን አረፋው አልወጣ ብሎ ጀሪካኑን ሁሉ ይጨርሳል።

ለጸጉር የተሠራ፣ ቀለም የሌለውና ማለስለሻ ያልተቀላቀለበት ሻምፑ በየሱቁ ከሚገኘው ሁሉ ለሱፍ የተሻለው ነው። ርካሹም ይበቃል።

እንዶድ ለብቻው መነሳት አለበት፤ ለነጠላና ለጋቢ ስንጠቀምበት የኖርነው ሳሙና ነው። ደረቁን ፍሬ ሁለት እፍኝ ወቅጠው በ5 ሊትር ውሃ ሌሊቱን ያሳድሩት፣ በነጠላ ጨርቅ ሁለት ጊዜ ያጥልሉት። አረፋው ለስላሳ ነው፣ እንደ ዱቄት ሳሙና ሱፉን አያደርቅም። ሲወቀጥ ግን አፍንጫና ዓይን ያቃጥላልና አፍን ሸፍኖ ደጅ ላይ መሥራት ነው። በነጭ ሱፍ ላይ መጀመሪያ በአንድ ጥግ ይሞከር፤ ያልጠለለ የፍሬ ቅሪት እድፍ ይጥላል። ሌላው ጥንቃቄ የእጣቢው ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ያስተዋሉት ሴቶች በእንዶድ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የወንዙ ቀንድ አውጣዎች ሞተው መገኘታቸውን ነበር፤ ቀንድ አውጣ በሚያስተላልፈው በቢልሃርዝያ በሽታ ላይ ያደረጉት ምርምርም ከዚያ ተነሣ። እንዶድ ዓሣም ይገድላል። ስለዚህ የእንዶድ እጣቢ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ምንጭ አይፈስም።

ወንዝ ከተነሳ፣ ምንጣፍ ቦርከና ወስዶ ማጠብ ዛሬ አያዋጣም። ወንዙ ሁለቱንም ከተማ እያቋረጠ የየከተማውን ፍሳሽ ይዞ የሚወርድ ነው፤ በዚያ ላይ ጸጉሩ ውስጥ የገባ ደቃቅ አሸዋ በቤት ውሃ ሁለት ጊዜ ማለቅለቅን ይጠይቃል።

አራተኛ፦ ላቫጆ

ፈጣንና ርካሽ ነው፤ ውሃም አያሳስብም። ለአሮጌ የእጅ ሥራ ምንጣፍ ግን ከአምስቱ የመጨረሻው ምርጫ ነው። የላቫጆ ፓምፕ የመኪና ጭቃ ለማላቀቅ የተሠራ ግፊት አለው፤ በቅርብ ሲተኮስ ቋጠሮ ያላላል፣ ያረጀ ጸጉር ከሥሩ ይነቅላል። የሚጠቀሙት ሳሙና ለቅባትና ለጎማ የሚሆን ነው። ወለሉም ዘይት የነካው ነው። ታጥቦ ሲያልቅ ደግሞ እንደራሰ አጥር ወይም ብረት ላይ ይሰቀላል፤ ምንጣፉ በዚያ ይንጋደዳል፣ የዛገ ብረት ከነካውም የማይለቅ መስመር ይቀርበታል።

ሌላ መንገድ ከጠፋ ግን ሦስት ነገር አስቀድመው ይስማሙ፦ የራስዎን ሻምፑ ይውሰዱ፣ ቱቦው ያለ ፓምፑ ግፊት ይፍሰስ፣ እንደታጠበ ሳይሰቀል ተጠቅልሎ ይሰጥዎት።

አምስተኛ፦ ላውንደሪ

ክፍያው ብዙ ጊዜ በካሬ ሜትር ስለሆነ ከመሄድዎ በፊት ርዝመትና ወርዱን ለክተው ይያዙ። ስለ ዋጋው ከመጠየቅ በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች አሉ። ሱፍ በምን ታጥባላችሁ? ቀለሙን ትሞክራላችሁ? የምታደርቁት ዘርግታችሁ ነው ወይስ ሰቅላችሁ? ቤት ውስጥ ነው ወይስ ደጅ? ስንት ቀን ይቆያል? «ሁሉንም በአንድ ዓይነት ነው የምናጥበው» የሚል ቤት ለፋብሪካ ምንጣፍ ይበቃ ይሆናል፤ የአያት ምንጣፍ ግን አይሰጠውም። ሲያስረክቡ ፊቱንም ጀርባውንም በስልክ ፎቶ ያንሱ፣ የተጎዳውን ቦታ በደረሰኙ ላይ ያስጽፉ። ሲረከቡ ሳይከፍሉ በፊት ጀርባውን በመዳፍ ይዳስሱ፤ ቀዝቀዝ ካለ አልደረቀም።

ንጽጽሩ በሠንጠረዥ

| መንገድ | ቀለም ለሚለቅ | ድሩ ለደከመ | የሚያወጣው | ለመድረቅ | ወጪና ድካም |
|---|---|---|---|---|---|
| በደረቁ | ይሆናል | በመዳፍ ብቻ፣ በጥንቃቄ | አቧራ፣ አሸዋ፣ ብል፣ ቁንጫ | አያስፈልግም | ወጪ የለውም |
| በአረፋ | ትንሽ ለሚለቅ፣ ተሞክሮ | በጥንቃቄ | የፊቱን እድፍና ድብዛዜ | ከግማሽ እስከ 1 ቀን | ሻምፑና ግማሽ ቀን ሥራ |
| ሙሉ እጥበት በግቢ | አይሆንም | አይሆንም | ሥር የሰደደ እድፍ፣ ሽታ | ኮምቦልቻ 1–2፣ ደሴ 2–3 ቀን በበጋ | 8–10 ጀሪካን፣ 2 ሰው |
| ላቫጆ | አይሆንም | አይሆንም | ጭቃ | ቤት ወስዶ ማድረቅ | ርካሽ፣ ለምንጣፉ አደገኛ |
| ላውንደሪ | እንደ አጣቢው | አይሆንም | ሥር የሰደደ እድፍ | በእነሱ | ውድ፣ ድካም የለውም |

የማድረቂያው ቀን ለመካከለኛ ውፍረት የተሰጠ ግምት ነው፤ ወፍራሙ ይጨምራል።

ደሴ ወይስ ኮምቦልቻ? ማድረቁ

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። በ25 ኪሎ ሜትር መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ይወረዳል። አየሩ በየ100 ሜትሩ 0.65 ዲግሪ ያህል እንደሚሞቅ ቢታሰብ ልዩነቱ 4 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ለምንጣፍ ይህ የአንድ ቀን ልዩነት ነው። ኮምቦልቻ ዘመድ ያለው የደሴ ሰው ምንጣፉን ደረቁን ጭኖ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ እዚያው አጥቦ፣ እዚያው አድርቆ ቢመልሰው ከሁሉ የተሻለ መፍትሔ ነው። ደሴ ታጥቦ እርጥቡን መጫን ግን አይሆንም፤ ተጠቅልሎ በመኪና የቆየ እርጥብ ምንጣፍ ቀለሙ ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል።

ወቅቱ ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። ሐምሌና ነሐሴ ለሁለቱም ከተማ የተዘጋ ነው፤ የጦሳን ተራራ ጭጋግ በሸፈነበት ሰሞን ደሴ ላይ የራሰ ሱፍ አይደርቅም። ወሎ የበልግ ዝናብም ስላለው ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ሰማዩን አይቶ መወሰን ያስፈልጋል። ብዙ ቤት የሚሳሳተው በጳጉሜ ነው። ለእንቁጣጣሽ ቤቱ ሁሉ ሲጸዳ ምንጣፉም አብሮ ይታጠባል፤ መሬቱም አየሩም ገና ውሃ እንደያዘ ነው። ለበዓሉ በደረቁ አጽድተው በአረፋ ይጥረጉት፣ ሙሉ እጥበቱን ለጥቅምት፣ ደሴ ከሆነ ለኅዳር ያቆዩት። ረመዳን፣ ዒድና መውሊድ ወቅታቸው በየዓመቱ ስለሚዘዋወር ክረምት ላይ ሲውሉም እንዲሁ ይደረግ።

ሲደርቅ አይሰቀል፣ ይዘርጋ። የአልጋ ርብራብ፣ ጎን ለጎን የተደረደሩ አግዳሚ ወንበሮች፣ ወይም በድንጋይ ከፍ የተደረጉ ጣውላዎች ይበቃሉ፤ ዋናው ነገር አየር ከሥሩ እንዲያልፍ ነው። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ መጣል ክልክል ይሁን፤ ዝገቱ እድፍ ይጥልበታል፣ ግለቱም ፊቱን ያቃጥላል። ጀርባውን ወደ ፀሐይ አድርጎ መጀመር፣ በየሁለትና ሦስት ሰዓቱ መገልበጥ ነው። ፊቱን ለረጅም ሰዓት ለፀሐይ ማጋለጥ ቀለም ይነጥቃል፤ ኮምቦልቻ ላይ እኩለ ቀን ጥላ ያስፈልጋል። ደሴ ላይ ደግሞ ጠላቱ ጤዛ ነው፦ ከ11 ሰዓት በፊት ይግባ፣ ጠዋት ጤዛው ከረገፈ በኋላ ወደ 3 ሰዓት ይውጣ። ሌሊቱን ቤት ውስጥም ተዘርግቶ መስኮት ገርበብ ይበልለት፤ አይጠቀለልም። ማራገቢያ ካለ ከሥሩ ይነፋ።

ላዩ ደርቆ ሥሩ እርጥብ የሆነ ምንጣፍ እጅን ያታልላል፤ ሱፍ ከክብደቱ ሲሶ የሚጠጋ እርጥበት ይዞ እንኳ ደረቅ ሊመስል ይችላል። ማወቂያው ሚዛን ነው። ከማጠብዎ በፊት፣ አቧራው ከረገፈ በኋላ፣ ተጠቅልሎ ሰፈር ካለ የእህል ሚዛን ላይ ይመዘንና ቁጥሩ ይጻፍ። ሲደርቅ እንደገና ይመዘን። ከበፊቱ ግማሽ ኪሎ እንኳ ከበለጠ ገና ነው።

ለየትኛው ቤት የትኛው?

ኪራይ ቤት ለሚኖርና ግቢ ለሌለው፦ በደረቁ በየወሩ፣ በአረፋ በዓመት አንዴ። ገንዘብ ሲገኝ በሦስትና አራት ዓመት አንዴ ላውንደሪ።

ኮምቦልቻ ግቢ ላለው፦ ፈተናውን ካለፈና ከ3 ካሬ ካልበለጠ በበጋ ራስዎ ይጠቡት። ደሴ ግቢ ላለው መልሱ ያው ነው፤ ግን በኅዳርና በታኅሣሥ ብቻ፣ ሦስት ተከታታይ ቀን ፀሐይ ሲጠበቅ።

ቀለሙ በብዛት ለሚለቅ ወይም ድሩ ለሚሰበር ውርስ ምንጣፍ፦ በደረቁ ብቻ። ላውንደሪም አይሂድ። የተላቀቀውን ጠርዝ በሱፍ ክር ይስፉትና እግር ከማይበዛበት ቦታ ያንጥፉት።

ለሰላት ለሚነጠፍ፦ ነጃሳ (ርኩስ ነገር) የነካው ቦታ በአረፋ መጠረጉ ስለማይበቃ ያንን ቦታ ብቻ ማጠብ ይቻላል። ከሥሩ ወፍራም ፎጣ ያድርጉ፣ ከላይ ጥቂት ጥቂት ውሃ እያፈሰሱ በሌላ ፎጣ ይጫኑ፤ ውሃው በምንጣፉ አልፎ የታችኛው ፎጣ እስኪርስ ይድገሙት፣ ፎጣውንም ይቀይሩ። የሕፃን ሽንት ከሆነ በዕለቱ ይሁን፤ ከከረመ ቀለሙን ይቀይራል፣ እጥበትም አይመልሰውም። ቦታው ከፍ ተደርጎ በዚያው ቀን ይድረቅ።

እድፉ ረከቦት ሥር የፈሰሰ ቡና ከሆነ ሙሉ ምንጣፍ አይታጠብለትም። ወዲያው በደረቅ ጨርቅ ጫን ጫን እያሉ ያንሱት፤ አይፈተግም። ቀጥሎ በ1 ሊትር ውሃ 2 የሾርባ ማንኪያ አቼቶ አድርገው በጨርቅ ይንኩት። ለፈሰሰ ቅቤ ነጭ ዱቄት ነስንሰው ያሳድሩ፣ ጠዋት በቫኪዩም ወይም በብሩሽ ያንሱት። ከማጨሻ የወደቀ ፍም ያቃጠለው ቦታ ጥቁሩ ጫፍ በመቀስ ላይ ላዩን ይከረከማል፤ ሱፍ በራሱ ነበልባል ስለማይዝ ቃጠሎው ብዙ ጊዜ ከጸጉሩ አያልፍም።